ለንደን ሲስተም በነጭ፦ ተራ በተራ፣ ግን በጭፍን አይደለም

ቼዝ በነጭ ስትጫወቱ ገና አስረኛው እርምጃ ላይ ሳትደርሱ "አሁን ምን ላድርግ?" የምትሉ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። በኢ4 (ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ካሬ በመግፋት) ስትጀምሩ ጥቁሩ የተለያየ መከላከያ ይመርጣል፤ አንዱ ሲሲሊያን ይዞባችሁ ይመጣል፣ ሌላው ፍሬንች፣ ሌላው ካሮ ካን። ለሁሉም ለየብቻ ማጥናት አለባችሁ። ለንደን ሲስተም በሚባለው መክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) ላይ ግን ጥቁሩ ምንም ይጫወት ምን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጥናቱ ቀላል ነው፣ ንጉሣችሁም ቶሎ አይጋለጥም።

ስሙ እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን ላይ ከተካሄደው ውድድር የመጣ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮኑ ካፓብላንካ ያሸነፈበት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት "አሰልቺ ነው፣ ማጥናት የማይወዱ ሰዎች መክፈቻ ነው" እየተባለ ሲናቅ ቆየ። ግራንድማስተሩ ጋታ ካምስኪ ግን ደጋግሞ ተጫወተው፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰንም ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2023 አስታና ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዲንግ ሊሬን ስድስተኛውን ጨዋታ ኔፖምኒያሺን ያሸነፈው በዚሁ በለንደን ነው። ስለዚህ ማንም "የጀማሪ ጨዋታ" ቢላችሁ አትሸማቀቁ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። የለንደን ትልቁ ጠላት ጥቁሩ አይደለም፣ ራሱ ምቾቱ ነው። እርምጃዎቹ ስለሚመሳሰሉ ሰው ቦርዱን ማየት ይተዋል፣ እጁ ብቻውን ይጫወታል። እኔ በዚህ መንገድ የተሸነፍኩት ብዛቱ ያሳፍራል፣ አንዱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አጻጻፉን እንግባባ

ቦርዱ ላይ ዓምዶቹን በነጭ በኩል ሆናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ብላችሁ ቁጠሩ። ረድፎቹ ከእናንተ ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ናቸው። "ዲ4" ብቻ ካልኩ ወታደር ዲ4 ላይ ሄደ ማለት ነው። ሌላ ጠጠር ከሆነ ስሙን እጠራለሁ፦ ፈረስ፣ ቢሾፕ፣ ሩክ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ። ኤ እና ኢ እንዳይምታቱባችሁ ቦርድ ዘርግታችሁ እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡ። ያለ ቦርድ ማንበብ ዋጋ የለውም።

አንደኛ፦ አቀማመጡ

መድረስ የምንፈልግበት ይህ ነው። ወታደሮች ዲ4፣ ኢ3 እና ሲ3 ላይ። ጥቁር ካሬ ላይ የሚሄደው ቢሾፕ ኤፍ4 ላይ። ሌላኛው ቢሾፕ ዲ3 ላይ። የቀኙ ፈረስ ኤፍ3፣ የግራው ፈረስ ዲ2። ከዚያ በአጭሩ በኩል ካስሊንግ (ንጉሡ ወደ ጂ1፣ ሩኩ ወደ ኤፍ1 በአንድ እርምጃ)።

ወታደሮቹን አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ሲ3፣ ዲ4፣ ኢ3 ተያይዘው እንደ ጣሪያ ይሆናሉ። ሁሉም ጥቁር ካሬ ላይ ናቸው። ጥቁር ካሬ ላይ የሚሄደው ቢሾፕ ከጣሪያው ውስጥ ቢቀር እድሜውን ሙሉ እስረኛ ነበር፤ ስለዚህ ኢ3 ከመጫወታችሁ በፊት ቢሾፑ ወደ ኤፍ4 ይወጣል። የለንደን ሙሉ ሐሳብ እዚህች ውስጥ አለ። መጀመሪያ ኢ3 ብላችሁ ቢሾፑን ዘግታችሁ ከቀራችሁ የምትጫወቱት ሌላ መክፈቻ ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ለንደን አይደለም።

ሁለተኛ፦ ቅደም ተከተሉ

1. ዲ4፣ 2. ቢሾፕ ኤፍ4፣ 3. ኢ3። እነዚህን ሦስቱን ያዙ። ድሮ ሁለተኛው ላይ ፈረስ ኤፍ3 ነበር የሚጫወቱት፣ አሁን ብዙዎች ቢሾፑን ያስቀድማሉ። እኔም ቢሾፑን አስቀድሙ ነው የምለው። ፈረሱን ያላወጣችሁት ከሆነ አማራጭ ይቀርላችኋል፤ ፈረሱ ኤፍ3 እንደሚሄድ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፣ መቼ እንደሚሄድ ግን እናንተ ትወስናላችሁ።

ከሦስቱ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ጥቁሩ በሚያደርገው ይወሰናል። ሲ5 ብሎ ዲ4ን ካጠቃ ሲ3 ቶሎ ይምጣ። ሲ5 ካላለ ሲ3 አያስቸኩልም። የግራውን ፈረስ ዲ2 ላይ ማውጣት ግን አታዘግዩ፣ ምክንያቱን ከታች ስለ ንግሥት ቢ6 ስናወራ ታዩታላችሁ።

ኤች3 የሚባለውን ትንሽ እርምጃስ? ቢሾፑ ቢባረር ወደ ኤች2 እንዲሸሽ መንገድ ይከፍታል። ብዙ ሰው በልማድ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ይጫወተዋል። እኔ አስፈላጊ ካልሆነ አልጫወተውም፤ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ ነው። ጥቁሩ በጂ6 ሲመጣ ግን የግድ ነው።

ሦስተኛ፦ ዋናው መስመር

አንድ መስመር ብቻ በደንብ እወቁ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

1. ዲ4 ዲ5
2. ቢሾፕ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6
3. ኢ3 ኢ6
4. ፈረስ ኤፍ3 ቢሾፕ ዲ6
5. ቢሾፕ ጂ3 ካስሊንግ
6. ፈረስ ከቢ1 ወደ ዲ2፣ ሲ5
7. ሲ3 ፈረስ ሲ6
8. ቢሾፕ ዲ3 ቢ6
9. ፈረስ ኢ5

አምስተኛው ላይ ቆም እንበል። ጥቁሩ ቢሾፑን ዲ6 ላይ አምጥቶ "እንለዋወጥ" ብሏችኋል። እናንተ ራሳችሁ ዲ6 ላይ ብትበሉ የእሱ ንግሥት በነጻ ጥሩ ቦታ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ወደ ጂ3 ሄዳችሁ "ከፈለግህ አንተ ብላ" በሉት። ከበላ እናንተ በኤች ወታደር መልሳችሁ ትበላላችሁ፣ የኤች ዓምድ ይከፈታል፣ ጥግ ላይ ያለው ሩክ ሳይንቀሳቀስ በቀጥታ ኤች7ን ያያል። እንዲህ ሲሆን ለካስሊንግ አትቸኩሉ፤ ሩኩ ባለበት ጥሩ ሥራ እየሠራ ነው።

አሁን ዘጠነኛው። ፈረሱ ኢ5 ላይ ሲቀመጥ ቦርዱ መካከል ላይ ድንኳን የተከለ ያህል ነው። ጥቁሩ በፈረስ ኢ5 ላይ ቢበላ ምን ይሆናል? በዲ ወታደር ትበላላችሁ፣ ያ ወታደር ዲ6 ያለውን ቢሾፕና ኤፍ6 ያለውን ፈረስ በአንድ ጊዜ ያጠቃል። ፎርክ! አንዱን ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርማል።

በቢሾፕ ቢበላ ግን ይሻለዋል። አሁንም በዲ ወታደር ትበላላችሁ፣ ኤፍ6 ያለው ፈረስ ወደ ዲ7 ይሸሻል። እዚህ ላይ ኢ5 ያለው ወታደራችሁ በሁለት ፈረስ ተጠቅቷል፣ ስለዚህ ሳትዘገዩ ኤፍ4 ብላችሁ ደግፉት። አሁን እዩት፦ የጥቁሩን ንጉሥ ይጠብቅ የነበረው ፈረስ የለም፣ ዲ3 ያለው ቢሾፕ ኤች7ን ያያል፣ ንግሥታችሁ ወደ ኤች5 መንገድ አላት።

ጥቁሩ ዝም ብሎ ቢሾፕ ቢ7 ካለ ደግሞ 10. ኤፍ4። ፈረሱ ኢ5 ላይ ተተከለ። ከዚያ ንግሥት ወደ ኤፍ3፣ ቀጥላ ወደ ኤች3፣ ጊዜው ሲደርስ ጂ4 እና ጂ5 እያላችሁ ኤፍ6 ያለውን ጠባቂ ፈረስ ታባርራላችሁ። ልብ በሉ፣ ኤፍ4 ካላችሁ በኋላ ኢ4ን የሚጠብቅ ወታደር የላችሁም፤ የጥቁሩ ፈረስ ኢ4 ላይ ሊቀመጥ ይመጣል። ሲመጣ ለውጡት፣ እዚያ ተደላድሎ እንዳይቀመጥ።

አራተኛ፦ ጥቁሩ እንዲህ ሲል

*ንግሥት ቢ6።* ለለንደን ተጫዋች በጣም የሚያናድደው መልስ ይህ ነው። ቢሾፑ ወደ ኤፍ4 ስለወጣ ቢ2 ጠባቂ አጥቷል፤ ንግሥቲቱ እሱን ልትበላ መጣች። መልሱ ንግሥት ቢ3። "እንለዋወጥ?" በሏት። እናንተ ግን ቀድማችሁ አትብሉ። እናንተ ብትበሉ ጥቁሩ በኤ ወታደር ይበላና የሩኩ ዓምድ ይከፈትለታል። እሱ ከበላ ይኸው ጥቅም ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱም አፍጥጠው ይቆያሉ፣ ማን ይበላል እያሉ።

ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ሲ4 ብሎ ንግሥታችሁን ያባርራል፣ እናንተም ወደ ሲ2 ትመለሳላችሁ። እዚህ ወጥመድ አለ። የግራው ፈረስ ገና ቢ1 ላይ ከሆነ ጥቁሩ ቢሾፕ ኤፍ5 ይላል፣ ቢሾፑ በነጻ የተሰጠ ይመስላል። ንግሥታችሁ ከበላችው የእሱ ንግሥት ቢ2ን ትበላና ጥግ ያለውን ሩካችሁን ታንቃለች። ፈረሱ ቢ1 ላይ ስላለ ሩኩ መሸሻ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ከሆነ ቢሾፑን ትታችሁ ንግሥት ሲ1። ፈረሱ ቀድሞ ዲ2 ከወጣ ግን ሩኩ በነጻነት ይንቀሳቀሳል፣ ወጥመዱ አይሠራም። ፈረሱን አታዘግዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

*ሲ5 ብሎ ዲ4 ላይ ሲበላ።* በኢ ወታደር መልሱ። ከዚያ የኢ ዓምድ ለሩካችሁ ክፍት ነው፣ ኢ5 ደግሞ የፈረሳችሁ መቀመጫ። ዲንግ በዚያ ስድስተኛ ጨዋታ ያገኘው ይህንኑ አወቃቀር ነበር፤ ሩክ ኢ1፣ ፈረስ ኢ5። ጥቁሩ በበኩሉ በግራ በኩል ቢ5 እና ቢ4 እያለ የሲ3 ወታደራችሁን ሊፈታ ይመጣል። እናንተ በቀኝ፣ እሱ በግራ፣ ማን ቀድሞ ይደርሳል ነው ነገሩ። እናንተ ራሳችሁ ግን ዲ4 ያለውን ወታደር አንስታችሁ ሲ5 ላይ ለመብላት አትጣደፉ፣ መሐሉን በነጻ መልቀቅ ነው።

*ፈረስ ኤች5።* ቢሾፑን ሊለውጥ መጣ። ጥቁሩ ኢ6 ካለ በኋላ ይህ ሲመጣ ቢሾፕ ጂ5 በሉ፣ ንግሥቱን ታጠቃላችሁ። ኤፍ6 ብሎ ቢያባርር ወደ ኤች4 ሂዱ። ጂ5 ብሎ ከቀጠለ ያስቃል። ፈረሱን ከኤፍ3 ወደ ዲ2 መልሱት፤ የንግሥታችሁ መንገድ እስከ ኤች5 ይከፈታል፣ ፈረሱም ያለ ጠባቂ ተንጠልጥሏል። ኤች4 ያለውን ቢሾፕ ቢበላ ንግሥታችሁ ፈረሱን በቼክ ትበላለች፣ ንጉሡም ዕርቃኑን ቀረ። ይህ እንዲሠራ የግራው ፈረስ ገና ዲ2 ላይ አለመቀመጡን አረጋግጡ፣ አለዚያ ቦታው ተይዟል።

*ቢሾፕ ኤፍ5።* እንደ መስተዋት የእናንተኑ ሲጫወትባችሁ። የእሱ ቢሾፕ ከሲ8 ሲወጣ ቢ7 ጠባቂ አጣ። እዚህ ሲ3 ሳይሆን ሲ4 ተጫወቱ፣ ከዚያ ንግሥት ቢ3። አያችሁ፣ ቢ2 ላይ እናንተን ያስጨነቃችሁ ነገር አሁን ቢ7 ላይ እሱን ያስጨንቀዋል።

*ጂ6 እና ቢሾፕ ጂ7።* ኪንግስ ኢንዲያን የሚባለው የጥቁሩ መከላከያ። ለንደንን በጭፍን የሚጫወት ሰው እዚህ ነው የሚወድቀው። ቢሾፕ ዲ3 ላይ ብታስቀምጡ የጂ6 ወታደር እንደ ግድግዳ ቆሞ ያየዋል፣ ምንም አይሠራም። ይባስ ብሎ ጥቁሩ ዲ6 እና ኢ5 ብሎ መሐሉን ከገፋ ኢ4 ይከተላል፤ ያ ወታደር ዲ3 ያለውን ቢሾፕና ኤፍ3 ያለውን ፈረስ ፎርክ ያደርጋል። ስለዚህ እዚህ ቢሾፑ ወደ ኢ2 ይሂድ። ኤች3ም ተጫወቱ፣ ኢ5 ሲመጣ የኤፍ4 ቢሾፕ ወደ ኤች2 ይሽሽ። ካስሊንግ አድርጉና ጨዋታውን በግራ በኩል፣ በሲ4 ወይም በኤ4 ፈልጉ። በንጉሡ በኩል ማጥቃቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ይህ ቀዝቃዛ ጨዋታ ካልተመቻችሁ ሦስተኛው ላይ ኢ3 ሳይሆን ፈረስ ሲ3 ሞክሩ። ጥቁሩ ዲ5 ካላለ ኢ4 ትገፋላችሁ፣ ትልቅ መሐል ይኖራችኋል። በጆርጂያዊው ግራንድማስተር ባዱር ጆባቫ ስም የሚጠራው ጨዋታ ከዚህ ጋር ዝምድና አለው፣ ግን ለመጀመሪያው ወር አትንኩት።

አምስተኛ፦ ኤች7 ላይ የሚሠዋው ቢሾፕ

ለንደን አሰልቺ ነው ለሚል ሰው ይህን አሳዩት። ቢሾፕ ኤች7 ላይ ይበላል፣ ቼክ። ንጉሡ ይበላዋል። ፈረስ ጂ5፣ ቼክ። ንግሥት ወደ ኤች5 ትመጣለች።

ሁልጊዜ አይሠራም። ከመሠዋታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ጥቁሩ በአጭሩ በኩል ካስሊንግ አድርጓል? ኤፍ6 ላይ የነበረው ፈረስ ሄዷል? ፈረሳችሁ ከኤፍ3 ወደ ጂ5 መድረስ ይችላል፣ ወይስ ኢ7 ላይ የተቀመጠ ቢሾፕ ይጠብቀዋል? ከዲ1 እስከ ኤች5 መንገዱ ክፍት ነው? የእሱ ቢሾፕ ወደ ኤፍ5 መጥቶ ኤች7ን መጠበቅ ይችላል? ሁሉም ተስማሚ ከሆነ ቀጥሉ።

ንጉሡ ወደ ጂ8 ከተመለሰ ንግሥት ኤች5፣ ኤች7 ላይ ቼክሜት ያስፈራራል። ወደ ጂ6 ከወጣ ንግሥት ጂ4፣ ፈረሱ ሲነሳ ቼክ ይከፈታል። ወደ ኤች6 ከሄደ ደግሞ የለንደን ቢሾፕ ዋጋ እዚህ ይታያል፦ ኤፍ4 ላይ ካለ፣ ፈረሱ ከጂ5 በተነሳ ቁጥር ንጉሡ ቼክ ውስጥ ነው። ፈረሱ ኢ6 ያለውን ወታደር እየበላ ከተነሳ ንጉሡም ቼክ፣ ዲ8 ያለችው ንግሥትም ተጠቃች። እንዲህ ዓይነቷን አንድ ጊዜ ያገኘ ሰው ለወራት ሲያወራ ይከርማል፤ እኔን ጨምሮ።

ስድስተኛ፦ እኔን የበላኝ ወጥመድ

ቃል የገባሁት ነው። 1. ዲ4 አልኩ፣ ተጋጣሚዬ 1... ኢ5 አለ። ነጻ ወታደር! በላሁ። ፈረስ ሲ6 አለ፣ ፈረስ ኤፍ3 ብዬ ጠበቅሁ። ንግሥት ኢ7 አለ፣ እኔም በልማድ ቢሾፕ ኤፍ4። ንግሥት ቢ4፣ ቼክ። ቢሾፑን ወደ ዲ2 መለስኩ። ንግሥቲቱ ቢ2ን በላች። "ቢሾፕ ሲ3 ብላትስ፣ ልትታነቅ ነው" ብዬ እየሳቅሁ ተጫወትኩ። ቢሾፕ ቢ4 አለ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ንግሥት ዲ2 ብዬ ብደግፍ ሲ3 ላይ በላ፣ በንግሥቴ መለስኩ፣ እሱ ንግሥቱን ሲ1 ላይ አስቀመጠ። ቼክሜት። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ገና አልደረስንም ነበር።

መድኃኒቱ አንድ እርምጃ ነው። ንግሥቲቱ ቢ2ን ስትበላ ቢሾፕ ሲ3 ሳይሆን ፈረስ ሲ3። በቃ፣ ነጭ ይሻላል። ይህችን ብቻ በቃላችሁ ያዙ፣ በኢንተርኔት ላይ በፈጣን ጨዋታ ደጋግማ ትመጣባችኋለች።

ሰባተኛ፦ እንዴት ትለማመዱ

መጀመሪያ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያለውን መስመር ያለ ወረቀት ቦርድ ላይ መጫወት እስክትችሉ ድገሙት። ሌላውን ክፍል ገና አትሸምድዱ።

ከዚያ 20 ጨዋታ በነጭ ተጫወቱ፣ ሁሉንም በለንደን። ጊዜው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሁን፣ 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ከሆነ ደግሞ የተሻለ። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ መክፈቻ አይለመድም፣ እጅ ብቻ ነው የሚለመደው።

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ከማውቀው የወጣሁት ስንተኛው እርምጃ ላይ ነው? እዚያች ቦታ ላይ ሊቸስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ የመክፈቻ ማውጫውን ክፈቱና ጥሩ ተጫዋቾች ምን እንዳደረጉ እዩ፤ ነጻ ነው። ኮምፒውተሩ ያለውን ብቻ ገልብጣችሁ አትለፉ። ለምን እንዳለው በራሳችሁ ቃል አንድ መስመር ጻፉ። እኔ ደብተሬ ላይ "ጂ6 ካለ ቢሾፕ ኢ2!!" ብዬ በትልቁ የጻፍኩት ሦስት ጊዜ በዚያው ፎርክ ከተመታሁ በኋላ ነው።

እጃችሁ ወደ ጠጠር ከመሄዱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ እዩ፦ ቢ2፣ ኤፍ4 ያለው ቢሾፕ፣ እና ኢ5። ቢ2ን የሚበላ አለ? ቢሾፑን የሚያባርር አለ? ጥቁሩ ኢ5 መግፋት ይችላል? ሦስቱን ለማየት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ከ20ው ጨዋታ በኋላ የተሸነፋችሁባቸውን ብቻ ለዩና በጥቁሩ መልስ መድቧቸው፤ ንግሥት ቢ6 ይበዛል ወይስ ጂ6? የበዛውን ክፍል ከላይ ተመልሳችሁ ቦርድ ዘርግታችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ሌላ 20 ጀምሩ።